በር ላይ ስለቀረችው ሙሽራ፣ ለኦፔራ ቤቱ

ለሰንሴት ሂል ኦፔራ
የአዳዲስ የሙዚቃ ደራስያን ድጋፍ ክፍል
ለተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁ፣ ጉሮሯችሁና የመጋረጃችሁ ገመድ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ተክለብርሃን፣ በሎስ አንጀለስ ታክሲ ስነዳ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን ደግሞ የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ ላይ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ምክር የምሰጥ ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ እህቴ ልጅ ስለ ናዝራዊት ነው። በ2013 ሙሉ ኦፔራ ጽፋ ብታመጣላችሁ በደስታ ተቀብላችሁ፣ ፎቶዋን ድረ ገጻችሁ ላይ ሰቅላችሁ፣ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ በአንድ ፒያኖ አሰማችሁን። በ2014ም ያንኑ ሃያ ደቂቃ። በ2015ም፣ አንጀታችሁ አልችል ብሎ፣ ያንኑ ሃያ ደቂቃ። ለዚህ ውለታችሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ሙሽራይቱ ኤርፖርት ቆማ አንድ ሰው ትጠብቃለች፤ በአውሮፕላኑ የሚመጡት ግን ሁለት ናቸው፣ ቤተሰብ የመረጠላትና ራሷ የመረጠችው። የመንገደኞች መውጫ በር ሲከፈት ፒያኖው ዝም ይላል፣ እናንተም ወይን ትቀዳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሏል። ፓርኪንግ የሚሠራው አሥራትና ባለ ሬስቶራንቷ ወይዘሮ ሰርክ፣ ከበሩ የሚወጣው የትኛው ነው በሚል ተጣልተው ሰላምታ አቁመዋል። ናዝራዊትን ብንለምናት ኦፔራ ይሰማል እንጂ አይወራም ብላ እምቢ አለች።

2ኛ/ ሙሉውን ለምን አታሳዩም ብዬ ብጠይቅ፣ ድጋፋችሁ ሥራዋ መድረክ ላልወጣላት ደራሲ ብቻ እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ከታየላት ግን አዲስ መሆኗ ቀርቶ ድጋፉን እንደምታጣ በትሕትና አስረዳችሁኝ። ከዚህ አደጋ ስለጠበቃችኋት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ አያያዛችሁ ልጅቷ አዲስ እንደሆነች ትሸብታለች።

3ኛ/ አማካሪ አድርጋችሁ የመደባችሁላት ደራሲም ራሱ የእናንተው አዲስ ደራሲ ነው፤ አዲስ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

4ኛ/ በእኛ ወግ አጭቶ ሠርጉን የሚያጓትት ሰው ሲገኝ ሽማግሌ ይላካል። ስለዚህ እኔ፣ ጋሼ ሀይለገብርኤልና አቶ አሳምነው ነጭ ጋቢ ለብሰን ቢሯችሁ መጣን። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም። የእንግዳ መቀበያው ወጣት ወንበር አመጣ፣ አልተቀመጥንም። ሶፋ አሳየን፣ አልተቀመጥንም። ጋሼ ሀይለገብርኤል ወገባቸውን ያዝ ቢያደርጉ በድንጋጤ ዊልቼር አስመጣ። በመጨረሻ አንዲት ደግ ሠራተኛችሁ ጋቢያችንን አድንቃ ፎቶ አንስታን ሸኘችን። በወሩ የመጽሔታችሁ ሽፋን ላይ ወጣን፤ ከፎቶው ሥርም «ታዳሚዎቻችን ቆመው አድናቆታቸውን ሲገልጹ» የሚል ተጽፎበታል። ያን ቀን የሰማነው ሙዚቃ የሊፍቱን ብቻ ነበር።

ቀልዱን ልተወውና፣ ልጅቷ መጻፍ አቁማለች። ባለፈው ሰሞን ከኮሪያታውን ሎንግ ቢች ሳደርሳት ስለ እናንተ ማጉረምረም ብጀምር፣ «ጋሼ፣ ፕሮሰስ ነው፤ ስትረስ አታድርግ፣ ኦኬ?» አለችኝ። ይህን ስትል ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር፤ እኔን ያናደደኝም ያ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እናንተ ግን እንቁላሉ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጣችሁበታል። ውላችሁ ሌላ ማንም ሥራዋን እንዳያሳይ ስለሚከለክል፣ ሽማግሌዎቹ ቆመን ያልነገርናችሁን እዚህ ልንገራችሁ፤ ወይ አግቡ ወይ ልቀቁ።

ደጃችሁን መጥናት የማይታክተው፣ ሳይጠየቅ የመጽሔታችሁ ሽፋን ለመሆን የበቃው፣ ዘወትር አክባሪያችሁ፣

ተክለብርሃን
ኮሪያታውን፣ ሎስ አንጀለስ፣ የካቲት 2016

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት ሳላደርሰው ናዝራዊት ደወለችልኝ። ለአራተኛ ዓመት እንድታድስ የላካችሁላትን ውል ሳትፈርምበት መልሳላችኋለች። አሮጌውም በዚህ ወር ያበቃል፤ ስለዚህ በመጪው ወር መጨረሻ ቅዳሜ ኦፔራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጋርዴና ከተማ በተከራየነው አዳራሽ ይታያል። እናንተም በክብር ተጠርታችኋል። ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥ ስላልለመዳችሁ፣ በሩ አጠገብ ቦታ ይዘንላችኋል።