በግዝት የቆመችው መኪና

ይድረስ ለልጄ ለእስከዳር፣ አርባ ምንጭ።

እንዴት ነሽ ልጄ? እንደ ጓሳ ሣር ጥቅጥቅ ያለ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የአራስ ወገብሽ ጠናልሽ? ጡትሽ ለልጅቷ ይበቃል? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ያደርግሻል? እኔ ብርድ ሲሆን ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ተመስገን ደህና ነኝ። ገብሱም ዘንድሮ አላሳፈረንም። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ በስልክ እንዳልነግርሽ ወንድምሽ አፌን እየነጠቀ ያወራል፤ እውነቱን ከእኔ ስሚ ብዬ ነው።

«ካልታረቃችሁ ለልጄ ክርስትና አትምጡብኝ» ብለሽ መላክሽ ደርሶኛል። አባትሽን እንዲህ ትያለሽ! ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ወንድምሽ ልዑልሰገድ ያቺን ለውድድር የተሠራች ትንሽ መኪና ገዝቶ እያስጓራ ሊያሳየኝ መጣ። ስትነሣ ጀርባን ከወንበር ታጣብቃለች አለኝ። ፍሬኗስ ስለው «የድሮው ነው» አለ። እኛ ፈረስ ስንገዛ ዳገት አስወጥተን አይደለም የምናየው፤ ቁልቁል ጋልበን ነው። አልቆም ካለ ባለቤቱ ይዞት ይሂድ። ይህን ብነግረው «አባባ፣ ይቺ እኮ ሣር አትበላም» ብሎ ሳቀብኝ። ያውም በሰው ፊት! ቁልቁለት እንዳይወርድባት በእናታችሁ ዐፅም ገዘትኩት። እኔም የሚያቆማት ፍሬን ካልገባላት ላልቀመጥባት ማልኩ። ከመንዝ ደግሞ ቁልቁለት ሳይወርዱ በየት ይወጣል? አኩርፎ በሚኒባስ ሄደ፤ መኪናዋ ከበረቱ ጎን ቀረች፤ ዶሮ ሰፈረባት።

ያንቺ መልእክት ሲደርሰው ፍሬን ተሸክሞ መጣ። ከሌላ ዓይነት መኪና፣ ቤተሰብ ሙሉ ከሚጭነው ከባዱ የተፈታ ነው። መካከለኛም ትልቅም አምጥቷል። እኔ ትልቁን አልኩ። መካኒኩ ይሥሐቅ «ጋሼ አበጀ፣ እሱማ ጎማውን አያስገባም» ቢለኝ፣ አንተ ግጠም አልኩት። ገጠመ። ቸርኬው፣ የጎማው ብረት ማለት ነው፣ ጠበበና አልገባ አለ። ይሥሐቅ «ራሱን አሳድገን ቆቡን ረሳን» ብሎ አፌዘብኝ። ታዲያ ራስ ይቆረጣል እንዴ? ቆቡ ይቀየር አልኩ። ወንድምሽ እያጉተመተመ ከደብረ ብርሃን ሰፊ ቸርኬ አስመጣ።

ደግሞ በፍሬኑ ዘይት ውስጥ የገባው አየር ይውጣ ተባለ። ሁለቱ ከሥር ተኝተዋል፤ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን መርገጥ አለበት፤ ከእኔ በቀር ማንም የለም። መሐላዬስ? የንስሐ አባታችን ሲያልፉ ብጠይቃቸው «ካልሄደች ወንበር ናት፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ከሥር ያሉት መጀመሪያ «ይርገጡ፣ ይልቀቁ» ሲሉኝ ቆይተው፣ ኋላ «እርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ሆነ። በዚህ ቤት እንዲህ አዝዛኝ የምታውቅ እናታችሁ ብቻ ናት።

በማግስቱ ከጓሳ ወደ ይፋት የሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ስንደርስ እግዚአብሔር ይፍታህ አልኩት። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ አቧራ ነው አለኝ። ቀበቶ ይታሰሩ ቢለኝ፣ እኔ ነዶ ነኝ ወይ ብዬ እምቢ አልኩ። ከዚያ ለቀቃት። አወይ አሮጧ! መታጠፊያው ላይ የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶ ጠበቀን። ልዑልሰገድ ረገጠ፤ እሷም እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ አለች። አንድ ጠቦት እንኳ አልተነካ። እኔ ግን አልቆምኩም፤ በግንባሬ መስታወቱን ገጨሁት። ወንድምሽ «አባባ! አባባ!» እያለ ራሴን አቅፎ ግንባሬን ይዳብሳል። ቆመችልህ አይደል እንዴ ስለው፣ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። እረኛይቱ ያበድን መስሏት በጎቿን ነድታ ሸሸች።

እንግዲህ አብረን እንመጣለን። ባልሽን ምንተስኖትን እንደ ልጄ ሳሚልኝ። ለአማትሽ ለወይዘሮ ተሾመች፣ ላንቺ ስላደረጉት ሁሉ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። ለሕፃኗ ሰላምታ አልልክም፤ ራሴ መጥቼ ጉንጯን እስማለሁ። ግንባሬ ላይ ያለውን እብጠት ስታዪ ወንድምሽን እንዳትቆጪው፤ ትልቁ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ።

አባትሽ አበጀ
መሐል ሜዳ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.