የማያፈስ በር ፍለጋ፦ የኢንጂነር ፔንግ ዩንቺ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ፔንግ ዩንቺ ከአባታቸው ከአቶ ፔንግ አቺን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋን ጻይሜ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1953 በታይዋን፣ ሺንቹ፣ ጁዶንግ ተወለዱ። ወላጆቻቸው የሩዝ ፓስታ በነፋስ እያደረቁ ይሸጡ ነበር፤ የሺንቹ ነፋስ ደግሞ የተዘጋ በር አያውቅም። ዩንቺ በስድስት ዓመታቸው ደጃፍ ላይ ዱቄት በትነው ነፋሱ በየት በኩል እንደሚሾልክ ሲሰልሉ፣ እናታቸው «ይቺ ልጅ በር ላይ ልታረጅ ነው!» ይሉ ነበር። እውነትም በር ላይ አረጁ።

በ1975 በፊዚክስ ተመርቀው የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ገቡ። በ1980 ከማሽን ጠጋኙ ከአቶ ላይ ሚንቶንግ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

ቺፕ ማለት እልፍ አእላፍ ጥቃቅን በር ነው፤ ሲከፈት አንድ፣ ሲዘጋ ዜሮ። ኮምፒውተር የሚያስበው በዚህ ብቻ ነው! ታዲያ በሮቹ ባነሱ ቁጥር ኤሌክትሪክ የሚያግደው ከለላቸውም ሳሳ፤ በ1999 የአምስት አተም ያህል ውፍረት ብቻ ቀረውና ኤሌክትሪኩ ሾልኮ ይፈስ ጀመር። አለቆቻቸው «ይበልጥ ይሳሳ!» ሲሉ፣ እርሳቸው «ግድግዳውን ወንፊት አድርጋችሁ በር ዘጋን ትላላችሁ? ከለላው ራሱ ይቀየር!» ብለው ድርቅ አሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱን ማዕድን ሲጥሉ ሌላውን ሲያነሱ፣ ባልደረቦቻቸው «ዩንቺ አበቃላት» አሉ።

ባለቤታቸው ግን እንደ አገሩ ልማድ፣ የሙከራ ማሽናቸው እንዳያምፅ «ጨዋ ሁን» የተባለውን የበቆሎ መክሰስ በአረንጓዴ ከረጢቱ ማሽኑ አናት ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር፤ ጊዜው ካለፈበት ግን አይሠራም። እርሳቸውም «አንተ ሰውዬ፣ አተም በቆሎ አይበላም!» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በ2005 አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ የፍሳሹ ቁጥር ወርዶ ወርዶ ሊጠፋ ደረሰ። እሰይ! እኚያ ኮስታራ ሴት ነጭ ቱታቸውን እንደለበሱ በኮሪደሩ «ዘጋ! ዘጋ!» እያሉ ሮጡ።

ባለፈው ዓመት የልባቸው በር እንደሚያፈስ ሐኪም ሲነግራቸው «አርባ ዓመት ሳሳድደው፣ ለካ ደረቴ ውስጥ ተደብቋል!» አሉ። በመጨረሻ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ሚንቶንግ የልብ መቆጣጠሪያው ማሽን ላይ አረንጓዴውን ከረጢት አኖሩ። አንድ ቀን እንኳ አምነውበት የማያውቁት ዩንቺ አንስተው ቀኑን አነበቡ፦ «ሚንቶንግ፣ ይኼ ጊዜው አልፎበታል! ልትገድለኝ ነው እንዴ?» ሚንቶንግ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ደረጃውን እየዘለሉ ወርደው አዲስ ገዙ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን አብረው ሳቁ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2023 ጠዋት፣ በሰባ ዓመታቸው አረፉ። የአዲሱ ከረጢት ጊዜ ሊያልፍ ገና ሰባት ወር ይቀረው ነበር።

ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው ሹዩ እና ሹቲንግ፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው እና ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ቀርተናል። ነፍሳቸውን ከአባት ከእናታቸው ማዕድ ያቅርብልን፤ ነፋስ የማይገባበት ቤት ይስጥልን።