አየሁ ያልኩት የጠመኔ ምልክት

ውድ መምህሬ አብዱልሐሊም፣

እንዴት ከረሙ? የደሴ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ማንም እጄን አልያዘልኝም፣ ማንም አላረመልኝም። በጎልማሶች ክፍልዎ ከሃያ ሦስት ተማሪ አንደኛ የወጣ ሰው ደብዳቤ ቢያጽፍ ነውር ነው። ሁለተኛ የወጣችው ወይዘሮ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፤ ቅናት ነው።

በሾፌሩ በወርቁ በኩል የላኩልኝ ቃል ደርሶኛል። «በርሀን ከሞት ያዳንከው አንተ ነህ አሉ፤ ኮራሁብህ» ብለውኛል። ሦስት ቀን ሙሉ መርሳ ገበያ ውስጥ እንደ ሙሽራ ተራመድኩ። ፈረሴ እንኳ ጋሪውን የጎተተው አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። በአራተኛው ቀን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ገዛሁ። ለአንቱ የደረሰው ወሬ ጎዶሎ ነው፤ የጎደለውን ከእኔ በቀር የሚነግርዎ የለም።

ነገሩ የሆነው ልጅዎ መጥታ ወደ ደሴ በወሰደችዎ በሳምንቱ ነው። ጦርነቱ ወደ ወልድያ ተጠግቷል ይባላል፤ ከቆቦ በኩል የተፈናቀለው ሰው በአስፋልቱ ይጎርፋል፤ ስልክ የለም። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ በሰፈራችን በሮች ሁሉ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ቁጥርና መስመር አገኘን። በማግስቱ ወንዶቹ ጋሪ ተራው ላይ ተሰበሰብን። አንዱ «ለመድፍ ዒላማ ነው» አለ። ሌላው «የሚዘረፈውን ቤት ለይተው ነው» አለ። እኔ ደግሞ፣ መቼም ያውቁኛል፣ ሰው ሲያወራ ዝም ማለት ያመኛል።

«እኔ የጻፈውን አይቼዋለሁ» አልኩ።

«ማንን?»

«በርሀን። በር ላይ ቆሞ፣ እጁ ነጭ በነጭ ሆኖ።»

መምህር፣ በርሀ ባለወፍጮ ነው። እጁ ነጭ ያልሆነበትን ቀን አላውቅም። ስምንት ዓመት እህል በጋሪ ያመላለስኩለት እኔ ነኝ! ያየሁት የጎረቤት በር ሲያንኳኳ ነው፤ ዱቄታችሁ ደርሷል ሊላቸው። ግን ትውልዱ ከትግራይ ነው። በዚያ ሰሞን ይኸው ብቻ ግማሽ ማስረጃ ነበር፤ ሌላውን ግማሽ እኔ ሞላሁት።

በነጋታው የኬላው ጠባቂዎች አለቃ ደጀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። በርሀን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆልፈውበታል፤ ደጁ ዱላ በያዘ ሰው ተሞልቷል።

«ጋሽ ካሳዬ፣ መቼም አንተ ተምረሃል። ያየኸውን ጻፍና ፈርምበት» አለኝ።

አልደብቅዎትም፣ ደስ አለኝ። በአርባ አራት ዓመቴ ሰው ጽሑፌን ሲፈልግ የመጀመሪያው ነው። «እኔ ካሳዬ ተፈራ» ብዬ አሳምሬ ጀመርኩ። «በርሀ በር ላይ ምልክት ሲጽፍ» ድረስ ሄድኩ። «አየሁ» ልል ስል እጄ ቆመ።

ያ ጣሳዎ መጣብኝ። ትዝ ይልዎታል? የተከደነ ጣሳ እያንኮሻኮሹ «ምን አለበት?» ሲሉን፣ «ባቄላ!» ብዬ ማልኩ። «አየኸው?» አሉኝ። «ሰማሁት» አልኩ። «እንግዲያው ሰማሁ በል። ባቄላውን የጨመርክበት አንተ ነህ።» ሲከፍቱት የኮት ቁልፍ ነበር። ክፍሉ ሲስቅብኝ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ «ካላየህ፣ ቅርብ የነበረውን ሰው ፈልገህ ጠይቅ» አሉኝ።

ደጀንን «መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ» አልኩት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ፋንቱ ጓሮ ልብስ ታጥባለች።

«በራችን ላይ የጻፈውን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«የፖሊዮ ክትባት ሰጪዎቹ ናቸዋ! ሁለት ልጃገረዶች መጡ፣ ልጆቹን ከተቡ፣ ስንት እንደከተቡ በሩ ላይ ጽፈው ሄዱ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ጋሪ ተራ ላይ መድፍ ስትተኩሱ ነው የዋላችሁት።»

የትንሿን ልጃችንን እጅ አንስታ አሳየችኝ። የተከተበ ልጅ እንዲለይ የማርያም ጣቷ ጥፍር በቀለም ጠቁሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ጉልበቴ ላይ ስትቀመጥ አላየሁትም።

ልጅቷን ታቅፌ፣ ፋንቱን አስከትዬ ወፍጮ ቤቱ ደረስኩ።

«ጻፍክ?» አለ ደጀን።

«አልጻፍኩም። አላየሁም።»

«አይቻለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ። ዋሽቼ ነው።»

ይህን ከማለት ጋሪን ከነጭነቱ ዳገት መግፋት ይቀላል። ከኋላ አንዱ «ስንት ኩንታል ዱቄት ቃል ተገባልህ?» አለ። ሰው ሳቀ፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። የልጄን ጣት አሳየሁ። ደጀን «የአንድ ልጅ ጣት ምን ያረጋግጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አንቱም ይህንኑ ነበር የሚሉኝ። መልሱን ያገኘችው ፋንቱ ናት።

«የኛ በር ላይ ሁለት ተጽፏል፤ የተከተቡት ልጆቻችንም ሁለት ናቸው። የናንተንስ በር ከልጆቻችሁ ጋር አታስተያዩትም?» ብላ ጮኸች።

ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። ደጀን ከበር በር ዞረ። ሦስት የተጻፈበት ቤት ሦስት ጥቁር ጣት፣ አንድ የተጻፈበት አንድ። ልጅ የሌላቸው የአንዲት አሮጊት በር ላይ ዜሮ። ስድስተኛው ቤት ሲደርስ ዱላ የያዘው ሰው አንድ ሁለት እያለ መበተን ጀመረ። ወፍጮ ቤቱን ደጀን ራሱ ከፈተው።

በርሀ ከውስጥ ሆኖ የሰማው መጨረሻውን ብቻ ነው። ወጥቶ አቀፈኝ፤ እኔም ታቀፍኩ። ከዚያ ጦርነቱ ደረሰብን፣ ተበታተንን፣ አለፈና ተመለስን። እሱ ባገኘኝ ቁጥር «አዳኜ» ይለኛል፤ እኔም እህሉን አውርጄለት እሄዳለሁ። ስድስት ወር እንዲህ ኖርኩ።

ትናንት ሄጄ ወሬውን የጀመርኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። የወፍጮውን ሞተር አጠፋ። ዱቄቱን ከእጁ አራገፈና፣

«ፋንቱ ያን ቀን ቤት ባትኖርስ?» አለኝ።

መምህር፣ መልስ አጥቼ እንደማላውቅ አንቱ ምስክሬ ነዎት። «አላውቅም» አልኩት።

«እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው» አለና ሞተሩን አስነሳ። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ራሱ ሲፈልግ ይንገረኝ።

«ኮራሁብህ» ያሉትን ለፋንቱ አስተላልፌዋለሁ፤ «ጨዋ መምህር ናቸው» ብላለች። እኔ ለአንቱ ያለኝ ምስጋና ብቻ ነው። ፊደሉን ብቻ አስቆጥረው ሰድደውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ወረቀት በቆንጆ ጽሕፈት እጨርሰው ነበር።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

አክባሪዎ
ካሳዬ ተፈራ፣ ባለጋሪው
መርሳ