በእህቴ ጉሮሮ ላይ የተሰጠ ፍርድ

ለቡድሂስት መነኮሳይት ጉባኤ የሥርዓት አስከባሪ ጽሕፈት ቤት
ለኃላፊዋ ለክብርት እማሆይ
ባሉበት

ቀን፦ በአሳማ ዓመት፣ በስምንተኛው ወር፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን

አመልካች፦ ፕዮ ማልሱን፣ ቶፉ ሠሪ፣ የሳንቾንግ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በሱባኤ መካከል ከኡንጎክ ገዳም የተባረረችው እህቴ እማሆይ ዳምዎል ስሟ እንዲነጻ፣ የምንኩስና ዘመኗና መቀመጫዋ እንዲመለስላት፣ የፈረዱባትም መነኩሲት የሚገባቸውን እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች ከገዳሙ ግርጌ ባለው መንደር ከአኩሪ አተር ወተት ቶፉ እያረጋሁ የምተዳደር ባልቴት ነኝ። እማሆይ ዳምዎል በሥጋ ታናሽ እህቴ ናት። ጸጉሯን ተላጭታ ከመነነች ወዲህ ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፤ በዚህ ማመልከቻ ግን አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ ስለሆነች እንደ እህቴ እጽፋታለሁ። ለፈረዱባት ለእማሆይ ሙጂን አንቱታ የምጠቀመው ለለበሱት ልብስ ብዬ ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ። ጽሕፈት ቤቱ ሥራ እንደሚበዛበት ስለምረዳ የሆነውን በተራ አቀርባለሁ።

1. የኡንጎክ ገዳም መነኮሳይት በብርዱ ወራት ሱባኤ ከቀትር በኋላ እስከ ንጋት እህል አይቀምሱም። እህቴ በዚህ ሥርዓት ከልጃገረድነቷ ጀምሮ ኖራለች። አንድም ቀን አጓደለች ተብላ አታውቅም።

2. ከሱባኤው ጥቂት ቀደም ብሎ ውኃ ስትጠጣ ጉሮሮዋ ይንቆረቆር ጀመር። አፏም ሽታ አመጣ። የጥድ ቅጠል ብታኝክ፣ በጨው ብትጉመጠመጥ አልለቅ አላት። አጠገቧ የሚቀመጡት ምንጣፋቸውን ትንሽ ትንሽ እያሉ አሸሹ። እርጅና ነው ብላ ዝም አለች፤ የእህቴ ነገር እንዲህ ነው፣ ቢቆርጧትም ቢላዋው እንዳይደንዝ ትጨነቃለች።

3. በማዕድ ፍጻሜ ሁሉም ሳህኑን አጥቦ እጣቢውን ጥርት አድርጎ ወደ አንድ ባልዲ እንደሚመልስ ክብርነትዎ ያውቃሉ። ውኃው የሚሰጠው በሕይወት ሳሉ ሰስተው፣ ከሞቱ በኋላ ጉሮሯቸው የመርፌ ቀዳዳ ለሚያህል ለተራቡ ነፍሳት ነው፤ ቅንጣት ጉድፍ ካለበት ያንቃቸዋልና። አንድ ቀን ባልዲው እህቴ ዘንድ ሲደርስ ሳል ያዛትና ከአፏ የሩዝ ፍሬና የበርበሬ ቅንጣት ወደቀበት። የሥርዓት ተቆጣጣሪዋ እማሆይ ሙጂን እጣቢውን ለመነኮሳይቱ ሁሉ አከፋፍለው አጠጡ። ደንቡ ይህን እንደሚፈቅድ አልክድም። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ግን እህቴን "የተራበችው ነፍስ" ብለው መጥራት የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ለማይታዩ ፍጥረታት ጉሮሮ ይህን ያህል የሚጨነቅ ገዳም፣ እዚያው መደዳ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ጉሮሮ ዞር ብሎ ያየላት አንድ ሰው አልነበረውም።

4. በሱባኤው እኩሌታ፣ ቀትር ካለፈ ብዙ ቆይቶ፣ ሁሉም በጽሞና ተቀምጠው ሳለ እህቴን እንደገና ሳል ያጣድፋታል። ጭኗ ላይ ሩዝና የራዲሽ ቁራጭ ወደቀ። እማሆይ ሙጂን ተነሥተው አንዷን ፍሬ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ለሁሉም አሳዩና "ይህ ሩዝ ሆድ አላየም፤ አሁን የተበላ ነው" አሉ። በማግሥቱ በጉባኤ ፊት አቆሟት። ተደብቀሽ በልተሻል ወይ ተብላ ስትጠየቅ "የበላሁት ከእናንተ ጋር ነው" ብላ መለሰች። እህቴ እውነቷን ነበር የተናገረችው። እነሱ ግን እንደ ድፍረት ቆጠሩት፤ ከዚያ በኋላ ዝም ስትል ደግሞ ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ወሰዱት። በረዶው ገና መንገዱን ሳይለቅ ከረጢቷን አሸክመው ወደ ታች ላኳት።

5. የቶፉዬን ድስት እያማሰልኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ስትገባ ጫማዋን አውልቃ በወጉ ደርድራ "ለጥቂት ቀን ላስቸግርዎ ነው" አለችኝ። በሱባኤ መካከል ተባርራ የወጣችን መነኩሲት የትኛውም ገዳም እንደማይቀበል ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። እህቴ የእድሜዋ ማምሻ ላይ ናት። የምትፈልገው በመቀመጫዋ ላይ ሆና መሞት ብቻ ነው፤ አሁን ያለችው ግን ከምድጃዬ ጀርባ፣ የአኩሪ አተር ጆንያ በተደረደረባት ክፍል ውስጥ ነው። ማታ ማታ ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጋ ትቀመጣለች።

6. ከቀን ወደ ቀን እየከሳች ሄደች፤ በመጨረሻም ሳንባዋ ታመመ። ጂንጁ ከተማ ወደሚገኝ ሐኪም ወሰድኳት። ነጭ ፈሳሽ አስውጦ በመሣሪያ ፎቶ አነሣት። ፎቶውን እኔም አይቼዋለሁ፤ ከጉሮሮዋ ኋላ ግድግዳው ከሳሳበት ቦታ የወጣች ከረጢት ተንጠልጥላለች፣ ልክ አኩሪ አተር የምጨምቅባት ጨርቅ ስትሞላ እንደምትሆነው። እህሉ ወደ ሆድ ሳይወርድ እዚያ ይጠራቀማል፤ ሰዓታት ቆይቶ ሳይፈጭ ይመለሳል። ሽታውም፣ መንቆርቆሩም፣ ሳሉም ከዚያው ነው። ሐኪሙ "እማሆይ፣ የበሉት ሩዝ ሆድዎን ሳያይ ነው የሚመለሰው" አላት። እህቴ ይህን ስትሰማ ፈገግ ብላ እማሆይ ሙጂን ትክክል ነበሩ አለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። በአፏ በኩል መሣሪያ አስገብተው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት፤ ዛሬ ምግቡ በደንብ ይወርድላታል፣ አፏም ጸድቷል።

7. የሐኪሙን ወረቀትና ፎቶ ይዤ ገዳሙን ወጣሁ። እማሆይ ሙጂን በወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ፎቶውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ይቅርታ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። "ከረጢት ከሆነም የስስት ከረጢት ነው። ሰውነት ልብ የሚመኘውን ያበጃል" ብለው መለሱልኝ።

ክብርት ሆይ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የመጣሁት ለእርቅ ነበር። እኔም መልስ ሰጠኋቸው። ያልኩትን እዚህ መጻፍ ለጽሕፈት ቤቱ ክብር አይመጥንም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ጎመን ይቆርጡ የነበሩት ሁሉ ሰምተውታል፣ ቢጠየቁ ይመሰክራሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእጄ የወጣ ቶፉ ያንን ተራራ አልወጣም። ከከተማ በፕላስቲክ የታሸገ እያስመጡ ይበላሉ አሉ። ይብሉት።

እህቴ ይቅር ብላለች። ይቅር የምለው ነገር እንኳ የለኝም ትላለች። የእሷን ይቅርታ አከብራለሁ፤ ይህ ማመልከቻ ግን የእኔ ነው፣ እኔም ይቅር አላልኩም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ተደብቃ በላች የሚለው ፍርድ ተሽሮ፣ መሻሩ በኡንጎክ ገዳም በሙሉ ጉባኤ ፊት በቃል እንዲነገር። ሲፈረድባት የሰሙት ሁሉ ሲሻርም ይስሙት።

ለ. የምንኩስና ዘመኗ ሳይጎድል ተመልሶላት፣ የዘንድሮው ሱባኤ በአሥረኛው ወር ጨረቃ ስትሞላ ከመጀመሩ በፊት ወደ መቀመጫዋ እንድትገባ።

ሐ. በዚህ ቦታ መጀመሪያ የጻፍኩት ልመና እማሆይ ሙጂን ከሥራቸው እንዲነሡና በሁሉም ፊት ለእህቴ እንዲሰግዱ የሚል ነበር። እህቴ ይህን ስትሰማ "እትዬ፣ እሳቸው ተዋርደው ከሆነ የምመለሰው እኔ አልመለስም" አለችኝ። ስለዚህ አውጥቼዋለሁ። ልቤ ራርቶ ያወጣሁት እንዳይመስልዎ፤ ሌት ተቀን ሳስብበት የተሻለ ነገር ስላገኘሁ ነው።

እማሆይ ሙጂን በሥራቸው ላይ ይቆዩልኝ። እህቴ ዘመኗ ከተመለሰላት በምንኩስና ትበልጣቸዋለች፤ በማዕድ ጊዜም ቦታዋ ከእሳቸው ትይዩ እንዲሆን እለምናለሁ። እንደሚታወቀው ማዕድ የሚነሣው ተቆጣጣሪዋ የቀርከሃ ማጨብጨቢያውን ስትመታ ነው፤ እሱን ደግሞ የመጨረሻዋ መነኩሲት ሳትጨርስ መምታት አይቻልም። እህቴ በሐኪም ትእዛዝ እያንዳንዱን ጉርሻ ልም እስኪል ታኝካለች፣ ትውጣለች፣ ታርፋለች፣ እንደገና ትውጣለች። ሁልጊዜም የመጨረሻዋ እሷ ናት።

እንግዲህ እማሆይ ሙጂን የብርዱን ወራት በሙሉ፣ በየማዕዱ፣ ማጨብጨቢያውን በእጃቸው ይዘው እህቴ እስክትውጥ ይጠብቁ። ያንን ጉሮሮ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ድረስ ይመልከቱት። ከዚህ ሌላ ቅጣት አልጠይቅባቸውም።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ፕዮ ማልሱን
(ፊርማ)

አባሪ፦ የሐኪም ማስረጃና አንድ የጉሮሮ ፎቶ

ግልባጭ፦ ለእማሆይ ሙጂን፣ ኡንጎክ ገዳም፣ በእጃቸው እንዲደርሳቸው