ይርጋ ላነሱብኝ አበልጄ

ለክብርት ወይዘሮ ውብነሽ
የሕዝብ ማመላለሻ ባለንብረቶች ማኅበር ሰብሳቢ
ንፋስ መውጫ

ክብርት ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ደም ግፊቱስ ተሻለዎ? ፍርድ ቤት በተጠሩ ቁጥር ይነሣብዎ ስለነበር አሳስቦኝ ነው። እኔና የክርስትና ልጅዎ ሩት፣ ባለቤቴ ጸጋዬ ከሞተ ወዲህ እንዳለን አለን።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ቤትዎ ስመጣ፣ ድምፅዎ ከውስጥ እየተሰማኝ፣ ዘበኛዎ «የሉም» ስለሚለኝ ነው። ውለታዎም ስለበዛ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

፩ኛ/ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ጸጋዬ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አርብ አርብ የስፌት መኪናውን በሚኒባስዎ አስጭኖ ወደ አርብ ገበያ ይሄድ ነበር። «የአበልጄ መኪና እያለ በሌላ አልሳፈርም» ይል ነበር። በዚያ አርብ ጠዋት ሾፌርዎ ሰላሀዲን «እትዬ፣ ፍሬኑ አልይዝ እያለኝ ነው፤ ዛሬ ጋራዥ ይግባ» ብሎ ቢለምንዎ፣ «በገበያ ቀን መኪና የሚያቆም ማን አለ? ቀስ እያልክ ንዳ» አሉት። ቀስ እያለ ነዳ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ፍሬኑ ጨርሶ እምቢ አለና መኪናው ገደል ገባ። ሰላሀዲን ቆስሎ ተረፈ፤ ጸጋዬ አልተረፈም። ሾፌሩ ተፈርዶበት ታስሮ ወጣ፤ እርስዎም ሌላ ሾፌር ቀጠሩ።

፪ኛ/ ስለ እንባዎ አመሰግናለሁ። በለቅሶው ከእኔ በላይ አለቀሱ፤ ድንኳኑን ያስተከሉት እርስዎ ነዎት። «ሩት ከእንግዲህ የእኔ ልጅ ናት፤ እኔ እያለሁ አትቸገርም» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ማሉ። እኔም አመንኩ። ጎረቤቴ ሀሊማ «የካሣው ሽምግልና ይቀጥል፣ ክሱን ግን አስመዝግቢ» ብትለኝ፣ «አበልጅ ይከሰሳል እንዴ?» ብዬ ተቆጣኋት።

፫ኛ/ ስለላኳቸው ሽማግሌዎች አመሰግናለሁ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱንም እንደ እኔው ነው ያታለሏቸው። በመጀመሪያ እርስዎ «ሁዳዴ ይውጣ» አሉን። ሁዳዴ ወጣ። «እህል ይግባ» አሉን፤ ገብሱም ስንዴውም ገባ። «ጥምቀት ይለፍ» ብለውም አስጠበቁን። ሁለተኛው ሙት ዓመት እንዳለፈ ስልክዎ አልነሣ አለ። በመጨረሻ ከስሼዎት ስንቀርብ፣ ጠበቃዎ ብድግ ብሎ «ሁለት ዓመት ስላለፈ ክሱ በይርጋ ይታገዳል» አለ።

ይርጋ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ለካ የሞተበት ሰው ካሣ የሚጠይቅበት ጊዜ ገደብ አለው፤ ሽምግልናም አያስቆመውም። ጠበቃዬ ዳንኤል ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ፦ ተከሳሹ ካላነሣው ዳኛ በራሱ ይርጋን አያነሣም። እንግዲህ ክብርት ሆይ፣ በሩን ሊዘጋብኝ የሞከረው ሕጉ አልነበረም። እርስዎ ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር።

ዳኛዋም ሞቱ ከወንጀል የመጣ ስለሆነ ለወንጀሉ የተቀመጠው ረዘም ያለው ይርጋ ነው የሚሠራው ብለው መቃወሚያዎን ጣሉት። ሰላሀዲንም ቁርኣን ይዞ ምሎ፣ ያን ጠዋት የነገረዎትንና የመለሱለትን አንድ በአንድ ተናገረ። ሩት እስክታድግ የማሳደጊያዋን ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደብዎ። በለቅሶው የማሉት ይኸው በፍርድ ጸና።

ፍርዱ ሲነበብ እልል የምል መስሎኝ ነበር። የመጣብኝ ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ ጸጋዬ ከእርስዎ ጋር ፍርድ ቤት መቆሜን ቢሰማ ምን ያህል ያኮርፈኝ ነበር! እሱ እስከ መጨረሻው ይወድዎት ነበር።

ይህን ለሚያነብ፣ ሰው ለሞተበት ሁሉ፦ ሽምግልናውንም ተቀመጡ፣ ክሱንም በጊዜው አስመዝግቡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ዕድሜና ጤና፣ የሚይዝ ፍሬንም ጨምሮ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ ስላስተማሩኝ ሕግ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ።

አበልጅዎ የነበረችው
ዕፀገነት፣ የሟች ጸጋዬ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፍርዱ በተነበበ ዕለት ሩት ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ አይታዎ «እማማ ውብነሽ!» እያለች ልትስምዎ ስትሮጥ፣ ፊትዎን አዙረው ሄዱ። «አላዩሽም እኮ» አልኳት። ለእርስዎ ስል ዳግመኛ አልዋሽም፤ ሌላ ቀን ከጠየቀችኝ ራስዎ እንዲመልሱላት እቤትዎ ድረስ አመጣታለሁ።