«ተወው» እንጂ «ይተዉት» አላልኩም

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ዛሬም በአንድ ጉድጓድ ተሸነፍኩ። እንደ ልማዴ። ጫማዬ አሸዋ ሞልቷል፣ አንገቴ በፀሐይ ተለብልቧል፣ በንዴት ምሳም አልበላሁ።

ሜዳው ግን ምን ያድርግ። ከጅዳ ወደ ሰሜን ያለው የጎልፍ ሜዳችን በዚህ ወር ሌላ አገር ነው። ሙቀቱ ለቆናል፣ ሣሩ እስከ ገደሉ ጫፍ ተላጭቷል፣ ከገደሉ ሥር ባሕሩ ይንጣለላል። እዚያ ቆሜ ዱላ ሳነሳ የማደንዘዣ ሐኪም መሆኔን፣ ሰኞ ተረኛ መሆኔን፣ ሁሉንም እረሳለሁ። ደስታዬ እስከ መጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ይዘልቃል። ከዚያ ጋሽ መላኩ ያሸንፉኛል።

አንተ ደብተር፣ ጋሽ መላኩን ታውቃቸዋለህ (ከእንግዲህ ጋ/መ፣ እጄ ደክሟል)። የቀድሞ ዲፕሎማት፣ ኋላ የኩባንያ አማካሪ። ጎልፍ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ የመጀመሪያ ዱላዬን የሰጡኝ እሳቸው። ኢቃማቸው (የመኖሪያ ፈቃዳቸው) ሊያልቅ ነው፣ ለገና ጠቅልለው አገር ቤት ይገባሉ።

ዮናስ (ኢንጂነሩ፣ የቡድናችን አለቃ) ዛሬ አስታወቀ፦ በታኅሣሥ ከሱዳን ሐኪሞች ጋር ግጥሚያ አለ። አራት ሰው እንፈልጋለን። ሦስቱ ታውቀዋል። አራተኛው ወይ ጋ/መ ወይ እኔ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እርስ በርስ ተጫውተን ያሸነፈ ይገባል።

ሁሉም ሳቁ። የመጨረሻ ዓመታቸው ነው፣ ለሳቸው ይገባል አሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ። በግጥሚያ ቀን የኔ ሥራ እስከ ዛሬ ፎቶ ማንሳትና ውሃ ማደል ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ይግረምህ።

ቦታውን እፈልገዋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ከሥራ በፊት

ሳሎን ምንጣፍ ላይ ኳስ ወደ ሻይ ብርጭቆ አንከባልላለሁ። ገባች። ገባች። ወንበር እግር መታች። ገባች። ብቻዬን ስሆን የሚያክለኝ የለም።

ዮናስ (ከእንግዲህ ዮ.) ትናንት ደውሎ ፊት ለፊት ነገረኝ። «አንቺ የምትሸነፊው በዱላ አይደለም፣ በአፍሽ ነው።» ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ደወልኩ፣ ምክንያቱም እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳስ ጉድጓዱ አጠገብ ስትቀር ተጋጣሚህ «ተወው» ካለህ፣ እንደገባች ተቆጥሮ ታነሳታለህ። ቸርነት ነው፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ለትልቅ ሰው ሲሆን «ይተዉት»። የሚባለው ስንዝር ለቀረች ኳስ ነው። ጋ/መ ግን ዱላቸውን ተደግፈው ቀና ብለው ያዩኛል፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ ያደርጋሉ፣ ምንም አይናገሩም። ኳሷ የአልጋ ቁመት ያህል ርቃ እንኳ «ይተዉት ጋሼ» እላለሁ። ሁልጊዜ። የኔ ስትሆንስ? «እስቲ ምቻት ልጄ፣ ልምምድ ይሆንሻል።» እመታታለሁ። አንዳንዴ እስታለሁ።

ይሉኝታ የሚሉት ይኸው ነው። በሽተኛ ፊት ላይ ጭንብል ስይዝ አላፍርም፣ የቀዶ ጥገና ሐኪም ላይ ስጮህ አላፍርም። እኚህ ሰውዬ ቀና ሲሉ ግን አንደበቴ በራሱ ይከፈታል።

ሆስፒታሉ ይጠብቀኛል።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ፔትሮሚን፣ የጋራዦቹ ሰፈር፣ ሄድኩ። ዱላ ላስቆርጥ።

ረጅሙ ዱላዬ፣ የመጀመሪያውን ምት የምመታበት፣ የጋ/መ ስጦታ ነው። እሳቸው ቁመተ ረጅም፣ እኔ ድንክ ልባል ትንሽ የቀረኝ። ለዓመታት ዝቅ አድርጌ ይዤው፣ ጫፉ ሆዴን እየወጋኝ ስመታ ኖርኩ። ስጦታ ማስቆረጥ ሰጪውን መስደብ መሰለኝ። እንግዲህ ይህቺን ሐኪም ትላታለህ?

የመኪና ጭስ ማውጫ የሚበይድ የመናዊ አገኘሁ። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለኳስ አልኩት። ኳስ በእግር ነው አለኝ፣ በጣም በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚነገር። መጋዙን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። «ኸላስ? ይቆረጥ?» «ኸላስ።» ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ ጥርስ ያማል።

የመያዣውን ጎማ መልሶ አለበሰው፣ እዚያው ጎማና ዘይት መሃል ቆሜ ወዘወዝኩት። የኔ ሆነ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው አዩኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። መኪና ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የቀይ መብራት ጎረቤቴ መስኮቱን ዘጋ።

ቅር ይለኛል? ትንሽ። ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ መካ

ዕረፍት ነበረኝ፣ ዑምራ አደረግሁ። አልሐምዱሊላህ። ለእናቴ ዱዓ፣ ለበሽተኞቼ ዱዓ። ከዚያ አፈርኩ፣ ግን አልኩት፦ ያ ረቢ፣ ቅዳሜ ምላሴን ያዝልኝ። ስለ ኳሷ አልጠየቅሁም። እሷን እኔ እችላታለሁ።

ከዚያ ዑተይቢያ ሰፈር፣ አክስቴ ዘሃራ ዘንድ። የእናቴ ታናሽ ናት፣ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ አሁን ልብስ ትቸረችራለች። ሳሕን ሙሉ ሩዝ አቀረበችልኝ፣ እየበላሁ ሁሉን ነገርኳት። ኳሷ በባሕሩ ላይ በርራ ማዶ እንደምታርፍ ስነግራት አሰበችና ማን እንደሚያመጣት ጠየቀችኝ። ራሴ በእግሬ ሄጄ፣ አልኳት። «ታዲያ ምን አስመታሽ?» አለች። ሩዙ ትን አለኝ።

ወደ ጋ/መ ስንመጣ ግን ሳቋ ቆመ። «ወላሂ ሰሚራዬ፣ አባት የሚሆኑሽ ሰው ናቸው። አገራቸው ሊገቡ ነው። ደስ ብሏቸው ይሂዱ። አንቺ ገና ነሽ፣ ምን ይጎድልብሻል?»

ምን ይጎድልብሻል። ይቺን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማታለሁ። እጇን ስሜ ወጣሁ። ወደ ጅዳ ስነዳ ግን መንገዱን ሙሉ መልስ ስመልስ መጣሁ፣ አንዱ ካንዱ የሚያምር። ብዙ ነገር ይጎድልብኛል፣ አክስቴ። ራሴ ይጎድልብኛል።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ነገ ጧት 1፡30። ሸሚዝ ተተኩሷል። ዱላዎች ተጠርገዋል። መሸነፍ አልፈራሁም፣ ለምጄዋለሁ። የፈራሁት ያንን ቀና ማለት ነው። መስታወት ፊት ቆሜ ዝም ማለት ተለማመድኩ። ሐኪም ነኝ፣ ዕድሜዬ አርባ አልፏል፣ ዝም ማለት እየተለማመድኩ ነው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ቀትር

ቸኩያለሁ፣ ፊደሌን ይቅር በለኝ። በቅደም ተከተል።

ጧት። ነፋስ ከባሕር። ጋ/መ ነጭ ኮፍያ፣ ሽቶ፣ ሙሉ ክብር። ዮ. ዳኛ። ረጅሙን ዱላዬን ከቦርሳዬ ራሳቸው አወጡት፣ ለካ ሊባርኩልኝ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አሳጠርሽው?» «አዎ ጋሼ፣ ቁመቴ ነው።» ጨርሰው ወደ ቦርሳዬ መለሱት፣ እንደ ሰው ልጅ አስተኝተው።

አንደኛ ጉድጓድ። ኳሳቸው አንድ እርምጃ ያህል ቀርቷታል። ዱላቸውን ተደገፉ። መነጽር ወደ ግንባር። ቀና አሉ። እኔ ባሕር አያለሁ። መርከብ አለች፣ መርከቧን አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ መርከብ አይቼ አላውቅም። ጠበቁ። ዮ. ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ መቷት፣ ሳቷት። ጉድጓዱ የኔ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሆነ። እውነተኛ ጨዋታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሳቸው ይወስዳሉ፣ እኔ እወስዳለሁ። አጭሩ፣ ያስቆረጥኩት ዱላ ይዘፍናል። ሁለት ጉድጓድ ሲቀር በአንድ እየመራሁ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው። እኔ በአምስት ምት ጨርሻለሁ (ያነሰ ምት የመታ ይወስዳል)። እሳቸው በአራት ለመጨረስ አንዲት ምት ይቀራቸዋል፣ ረጅም፣ ቁልቁለት፣ ነፋስ። ካገቧት እኩል ነን። ጎንበስ ሲሉ የዮ. ስልክ ጮኸ። ዮ. ኪሱን ይዳብሳል፣ ይቅርታ ይላል፣ ላቡ ይወርዳል። አሳዘነኝና «ተወው» አልኩት። ዮናስን። ስለ ስልኩ።

ቀና ስል ጋ/መ ኳሷን አንስተው ኪሳቸው ከተዋል። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ወደ አሥራ ስምንተኛው ጉዞ ጀምረዋል።

ዮ. አየኝ። እኔ መርከቧን ፈለግሁ፣ ሄዳለች። አንደበቴ ሊከፈት ነበር፣ ይሁን ሊል። ያ ረቢ፣ ምላሴን። ተከፈተ፣ ግን ሌላ ነገር አለ፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ። ለስልኩ ነው ያልኩት። ኳሷን ይመልሷት።»

ቆሙ። ፊታቸው ቀላ። ቃሉን በጆሯቸው እንደሰሙ፣ ሜዳ ላይ «ተወው» ከተባለ ተባለ እንደሆነ፣ በዲፕሎማት ድምፅ አስረዱ። ዱላ የሚሸከሙልን ሁለቱ አጃቢዎች መሬት መሬት ያያሉ።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «እርስዎን እኔ መቼ ነው አንተ ብዬ የማውቀው? ለእርስዎ ሁልጊዜ ‹ይተዉት› ነው የምለው። ዛሬ ‹ተወው› ነው ያልኩት። እርስዎን አንተ የምል ልጅ ነኝ?»

ወይ ተደፍሬአለሁ ማለት አለባቸው፣ ወይ ኳሷን ማውጣት። ሲያስቡት ይታያል። ከዚያ ከአፋቸው ጥግ የሆነ ነገር ተነሳ፣ እምቢ ቢሉትም ፈገግታ ሆነ። «አይደለሽም» አሉ። ዮ. «ተሳስቶ ያነሳ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፣ ቅጣት የለውም» አለ። መለሷት። ጎንበስ አሉ።

አገቧት። ያቺን ረጅም፣ ቁልቁል፣ ነፋስ ያለባትን። እንዴት እንደመቷት ብታይ ታለቅስ ነበር። እኩል ሆንን።

አሥራ ስምንተኛው ከገደሉ ጫፍ ይጀምራል። ከፊትህ ባሕሩ ገብቶ ሜዳውን ይቆርጥብሃል፣ ማዶ ባንዲራዋ ትውለበለባለች። እሳቸው ቀድመው መቱ፣ አለፈች፣ ግን ከሣሩ ጠርዝ ውጪ፣ ድንጋዩ አጠገብ አረፈች። እኔ አጭሩን ዱላ ያዝኩ። ስመታ ምንም አልሰማሁም። ኳሷ ወጣች፣ በባሕሩ ላይ ተንጠለጠለች፣ ነፋሱ ሊወስዳት ሞከረ፣ አልሰጠችውም። ማዶ፣ ከባንዲራዋ በዚህ በኩል፣ አንዴ ነጠር ብላ ቁጭ አለች። ጮህኩ። አዎ፣ ጮህኩ።

መጨረሻ ላይ የኔዋ ሁለት ስንዝር ቀራት። እሳቸው ከድንጋዩ ሲያወጡ አንድ ምት ባክኖባቸዋል፣ ከገባች አበቃ። ጋ/መን አላየኋቸውም፣ እሳቸው ግን ተናገሩ። «እስቲ ምቻት።»

ደስ አለኝ። በስጦታ አልፈለግኋትም ነበር። መታኋት። ስትገባ ያሰማችው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አሸነፍኩ። አሸነፍኩ። አሸነፍኩ።

ኅዳር 14፣ እሁድ፣ ከሰዓት

ሰውነቴ ሁሉ ያመኛል፣ ይጣፍጣል።

ስልኬ ግን አላረፈም። ማሸነፍሽን አሳየሽ፣ አሁን ቦታውን ብትለቂላቸው ምን ያምር መሰለሽ፣ ይላል አንዱ። ሌላው፣ ዳዊትና ጎልያድ ምናምን ብሎ፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው። አክስቴ ማሻአላህ ብላ ጀመረች፣ «አሁንማ በክብር ስጫቸው» ብላ ጨረሰች። ዮ. ብቻ ምክር አልሰጠም። የስም ዝርዝር ዛሬ ማምሻውን እንደሚልክ፣ አራተኛውን ስም ራሴ እንድጽፍለት ጠየቀኝ። ተንኮለኛ።

ሲሄዱ አዝናለሁ። በጣም። ያንን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፣ ከትናንት ወዲህ ደግሞ የበለጠ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ እጫወታቸዋለሁ፣ ምሳ እጋብዛቸዋለሁ፣ የፈለጉትን። ቦታው ግን የኔ ነው።

ጻፍኩ፦ ሰሚራ። ላክሁ። ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆነ፣ ዮ. አይቶታል።

ስልክ። ጋ/መ ናቸው። ልባቸው ተሰብሮ ከሆነ እሰማለሁ፣ ሊመርቁኝም ከሆነ እሰማለሁ። አቤት ጋሼ እላለሁ፣ እርስዎ እላለሁ፣ ቦታውን ከጠየቁኝ ግን እምቢ እላለሁ። ላንሳው።