ቀስ በቀስ አስተባባሪ ሆነ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ በቅናት ልሞት ነው፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ?

ቢሮ አብሮን ሲሠራ የነበረውን፣ ባንድ ጣቱ ስለሚተይብ «ቀስ በቀስ» ያልነውን ልጅ ታስታውሺዋለሽ? እዚህ በመጣሁበት ስብሰባ ላይ፣ ስድስቱ ተሳታፊ አገሮች ሱፐር ኮምፒውተሮቻቸውን በጋራ እንዲጠቀሙ ለወጣው ዕቅድ ዋና አስተባባሪ አድርገው መረጡት። አጨበጨብኩ፤ ግን ከሁሉም ቀድሜ አቆምኩ። ከዚያ አሁን የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት የማሽን አዳራሽ አስጎበኘን። እንደ ቁም ሳጥን የተደረደሩ ማሽኖች፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ድርግም የማይል መብራት! እኔና አንቺ መብራት በሄደ ቁጥር ያቺን አንድ ማሽናችንን ለማዳን ስንሯሯጥ ታየኝና አንገበገበኝ።

ስንወጣ ጠጋ ብሎ፣ «በማሽኖቹ የመጠቀሚያ ሰዓቱን ለየአገሩ የሚደለድልልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ማን ይሻላል?» አለኝ። «እኔ» ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን ይህን ሥራ ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? ስምሽን ጠራሁለት።

«እኔም እሷን አስቤ ነበር» ብሎኝ እርፍ!

ሊደውልልሽ ነው፤ እንዳትግደረደሪ፣ እሺ በይው። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ ለባልሽም ሰላምታዬን አድርሺለት። እንኳን ደስ ያለሽ! እኔም እስክመለስ ቅናቱ ይለቀኝና ደስ ይለኝ ይሆናል።

ቀናተኛው ወንድምሽ